የታዘዘውን ብቻ የሚፈጽም መሣሪያ፦ የዩኒክስ የትእዛዝ መስመር ለሳይንስ ተማሪዎች

ኮምፒዩተርን በመዳፊት እየጠቆመ ማሠራት የለመደ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የዩኒክስን የትእዛዝ መስመር ሲያይ ግር መሰኘቱ አይቀርም። ሥዕል የለም፤ የሚጫኑት ቁልፍ የለም፤ በጥቁር ገጽ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል አንዲት ምልክት ብቻ ትጠብቀዋለች። የተጻፈላትን ትፈጽማለች፤ ያልተጻፈላትን አትገምትም። ስሕተት የሆነ ነገር ቢታዘዝም፣ ትእዛዙ በደንቡ መሠረት የተጻፈ እስከሆነ ድረስ ያለ አንዳች ጥያቄ ይፈጸማል።

ይህ ባሕርይ የሚያስፈራ ቢመስልም ለሳይንስ ሰው ትልቅ ጥቅም አለው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 በወጣው የዓለም ፈጣን ኮምፒዩተሮች ዝርዝር ውስጥ የተካተቱት 500ዎቹም ማሽኖች ሊኑክስ በተባለው የዩኒክስ ዘመድ ይሠሩ ነበር። የአየር ጠባይ ስሌትም ሆነ የከዋክብት ምስል ትንተና የሚካሄደው በአብዛኛው በዚሁ ጥቁር ገጽ በኩል ነው። ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለ ተማሪ ነገ ወደ ስሌት ሳይንስ ቢገባ ከዚህ መስመር ጋር መተዋወቁ የማይቀር ነው።

በዚህ ጽሑፍ ትእዛዞችን አንድ በአንድ ለመደርደር አናስብም፤ ዝርዝራቸው «ማን» በተባለው መመሪያ አሳይ ትእዛዝ አማካይነት በራሱ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ይገኛል። ዓላማችን የትእዛዝ መስመርን እንደ ቤተ ሙከራ መሣሪያ እንዴት መያዝ እንደሚገባ ማሳየት ነው። መሣሪያ ይገጠማል፣ በሚታወቅ ነገር ይፈተሻል፣ ከዚያ ይለካበታል፣ ውጤቱም ይመዘገባል። የትእዛዞቹን ስም በአነባበባቸው በፊደላችን የጻፍናቸው ሲሆን፣ በኮምፒዩተር ላይ ግን በትንንሾቹ የላቲን ፊደላት እንደሚተየቡ አንባቢያችን ልብ ይበል።

የቧንቧው ሐሳብ

ዩኒክስ እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪዎች በኬን ቶምሰንና በዴኒስ ሪቺ ተጀመረ። ለዩኒክስ ልዩ መልክ የሰጠው ሐሳብ ግን ከዚያ ይቀድማል። የዚያው ላቦራቶሪ ባልደረባ የነበረው ዳግላስ ማክልሮይ እ.ኤ.አ. በ1964 በጻፈው አጭር ማስታወሻ፣ የአትክልት ውኃ ማጠጫ ጎማ እየተቀጣጠለ እንደሚረዝም ሁሉ ፕሮግራሞችንም አንዱን በሌላው ላይ መቀጠል የሚቻልበት መንገድ ሊኖር እንደሚገባ አሳስቦ ነበር። ሐሳቡ ሥራ ላይ የዋለው ከ9 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ ቶምሰን ቧንቧን በዩኒክስ ውስጥ ሲያስገባ ነው።

ቧንቧ በአንዲት ቀጥ ያለች መስመር ( | ) ይመለከታል። ከመስመሩ በስተግራ ያለው ትእዛዝ ውጤቱን ወደ ገጹ ከማውጣት ይልቅ በስተቀኝ ላለው ትእዛዝ ያቀብላል። ሁለቱ ትእዛዞች የሚሠሩት ጎን ለጎን ነው። በመካከላቸው ስርዓቱ አነስተኛ ማጠራቀሚያ ያስቀምጣል፤ ተቀባዩ ከዘገየና ማጠራቀሚያው ከሞላ ላኪው ይጠብቃል። በዚህ ምክንያት ከኮምፒዩተሩ የማስታወስ አቅም እጅግ የሚበልጥ ፋይል እንኳ እንደ ወራጅ ውኃ ጥቂት በጥቂት ሊያልፍ ይችላል።

የዚህን ጉልበት የሚያሳይ የታወቀ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1986 ጆን ቤንትሊ «ኮሙኒኬሽንስ ኦፍ ዘ ኤሲኤም» በተባለው መጽሔት ላይ በነበረው ዐምድ፣ ከአንድ ጽሑፍ ውስጥ በብዛት የተደጋገሙ ቃላትን ከነቁጥራቸው የሚያወጣ ፕሮግራም እንዲጽፍ ታላቁን የኮምፒዩተር ሊቅ ዶናልድ ክኑዝን ጠየቀ። ክኑዝ ከነማብራሪያው በርካታ ገጾች የያዘ የተዋበ ሥራ አቀረበ። ሥራውን እንዲገመግም የተጋበዘው ማክልሮይ ደግሞ ክኑዝን ካመሰገነ በኋላ፣ ያንኑ ጥያቄ በቧንቧ በተያያዙ ስድስት ትእዛዞች መለሰው። እርግጥ ክኑዝ የተጠየቀው የራሱን የፕሮግራም አጻጻፍ ዘዴ እንዲያሳይ ስለነበር ሁለቱን እንደ ተወዳዳሪ ማየት አይገባም። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው። ማንም አስቀድሞ ያላሰበውን ጥያቄ፣ አስቀድመው በተሠሩ ትንንሽ መሣሪያዎች ቅንጅት መመለስ ይቻላል።

ፊደላችን በቧንቧው ውስጥ ሲያልፍ

የማክልሮይ ትእዛዞች የተዘጋጁት ለእንግሊዝኛ ፊደላት ነበር። ለአማርኛ ጽሑፍ የሚከተለውን መጻፍ ይቻላል።

ግሬፕ -ኦ '[^ ፡።፣፤]*' ጽሑፍ | ሶርት | ዩኒክ -ሲ | ሶርት -አርኤን | ሄድ

ግሬፕ ፈላጊ ነው። በቅንፉ ውስጥ የተዘረዘሩት ክፍት ቦታና ሥርዓተ ነጥቦች ሲሆኑ፣ ከፊታቸው ያለችው ምልክት «ከእነዚህ በቀር» ማለት ናት፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቃል በየራሱ መስመር ተለይቶ ይወጣል። ሶርት በተርታ ያሰልፋቸዋል። ዩኒክ ተመሳሳዮቹን ይቆጥራል። ሁለተኛው ሶርት ከትልቁ ቁጥር ወደ ትንሹ ያሰልፋል፤ ሄድ የመጀመሪያዎቹን 10 መስመሮች ብቻ ያሳያል።

እዚህ ላይ ጀማሪዎች ዘወትር የሚስቱት ነጥብ አለ። ዩኒክ የሚያስተያየው ጎን ለጎን የቆሙ መስመሮችን ብቻ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ሳያሰልፉ ዩኒክን መጠቀም፣ ባቄላና አተር እንደተደባለቀ ሳይለዩ ለመስፈር እንደ መሞከር ነው። ኮምፒዩተሩ ግን ተሳስታችኋል አይልም፤ የተሳሳተውን ቁጥር በእርጋታ ያወጣል።

ከዚህ የሚከብደው ፈተና የሚመጣው ከራሱ ከአጻጻፋችን ነው። በፊዚክስ እጅግ የምንጠቀምበትን ቃል እንውሰድ። ኃይል፣ ኀይል፣ ሀይል፣ ሃይል፣ ሐይል፣ ሓይል እየተባለ ሲጻፍ አንባቢው አንድ ቃል ያያል፤ ኮምፒዩተሩ ግን ስድስት። በመመረቂያ ጽሑፉ ውስጥ «ኃይል» የሚለውን ቃል ፈልጎ የሚያርም ተማሪ በ«ሀይል» የተጻፉትን ሁሉ ሳያያቸው ያልፋል። መፍትሔው የሚከተለው ነው።

ግሬፕ '[ሀሃሐሓኀኃ]ይ[ልሉላሎ]' ጽሑፍ

በቅንፍ ውስጥ ያሉት «ከእነዚህ አንዱ» ማለት ናቸው። ሁለተኛው ቅንፍ «ኃይሉ»፣ «ኃይላት» የመሳሰሉት እንዳያመልጡ ያደርጋል።

ፍለጋው ተሳካ እንበል፤ ቀጥሎ የሚታሰበው ሆሄያቱን ወደ አንድ መልክ መመለስ ነው። ለዚህ ሥራ በመጽሐፍ ሁሉ የሚጠቀሰው ፊደል ለዋጩ ቲአር ነው። «ሐ»ን ወደ «ሀ» ለመለወጥ ተማሪው እንዲህ ብሎ ይጽፋል።

ቲአር 'ሐ' 'ሀ' < ጽሑፍ

በሊኑክስ ላይ በስፋት በሚገኘው የግኑ ቲአር ይህን የሞከረ ሰው «ሐ» በትክክል ተለውጦ ያገኘዋል። ነገር ግን «ነገር» የሚለው ቃል «ኀገር» ሆኖ ይጠብቀዋል። «ፐ» ደግሞ «ፀ» ይሆናል። የስሕተት መልእክት የለም።

ይህ ለምን ሆነ? የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ወዲህ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር አለው፤ ዩቲኤፍ-8 በተባለው አቀማመጥም እያንዳንዱ ሆሄ 3 ባይት ይይዛል። «ሐ» 225፣ 136፣ 144 ነው፤ «ሀ» 225፣ 136፣ 128። የግኑ ቲአር የሚያየው ሆሄውን ሳይሆን ባይቶቹን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባይቶች ተመሳሳይ በመሆናቸው፣ የተሰጠውን ትእዛዝ «144ን ሁሉ በ128 ለውጥ» ብሎ ይረዳዋል። «ነ» ደግሞ 225፣ 138፣ 144 ነው፤ መጨረሻው ወደ 128 ሲለወጥ በትክክል «ኀ» ይሆናል። መሣሪያው በራሱ ሕግ አልተሳሳተም፤ ከተሠራበት ዓላማ ውጭ ተለክቶበታል።

ስለ ባይትና ስለ ሆሄ ልዩነት ለማረጋገጥ ቃል ቆጣሪውን ደብሊውሲን መጠየቅ ይበቃል።

ኤኮ ሰላም | ደብሊውሲ -ሲ

መልሱ 10 ነው፤ ለሦስቱ ሆሄያት 9፣ ለመስመር መጨረሻዋ ምልክት 1። በ«-ሲ» ፈንታ «-ኤም» ብንል፣ ስርዓቱ ለዩቲኤፍ-8 የተዘጋጀ ከሆነ መልሱ 4 ይሆናል። ሁለቱም መልሶች 10 ከሆኑ ግን ኮምፒዩተሩ ፊደላችንን እንደ ፊደል እየቆጠረው አይደለም ማለት ነውና፣ የቋንቋ ቅንብሩን ሳያስተካክሉ ወደ ፊት መሄድ አይገባም። ሆሄ ለመለወጥ ባለ ብዙ ባይት ፊደላትን የሚያውቀው ሴድ ይመረጣል።

ሴድ 'ዋይ/ሐሓኀኃሃ/ሀሀሀሀሀ/' ጽሑፍ

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። ይህ ዓይነቱ ለውጥ ለመቁጠሪያና ለመፈለጊያ በተዘጋጀ ቅጂ ላይ እንጂ በዋናው ጽሑፍ ላይ ሊደረግ አይገባም። ፀሐይ «ሠረቀ»ችና ሌባ «ሰረቀ» በሆሄያቸው የሚለዩ ሁለት ቃላት ናቸው፤ ሁለቱን ፊደላት አንድ ያደረገ ሰው ልዩነቱን መልሶ ሊያገኘው አይችልም።

በቤተ ሙከራ ውስጥ ሚዛን ክብደቱ በሚታወቅ ነገር ሳይፈተሽ አይለካበትም። የትእዛዝ መስመርም እንዲሁ ነው። 200 ገጽ ጽሑፍ በቧንቧ ውስጥ ከመልቀቅ በፊት፣ መልሱን በጣታችን ቆጥረን የምናውቀውን አራትና አምስት ቃል እናሳልፍበት። «ነገር» ብለን አስገብተን «ኀገር» ከወጣ ችግሩን በአንድ ደቂቃ እናገኘዋለን።

በዝምታ የሚያልፉ ስሕተቶች

ሁለት ወጥመዶች ከብዙ ተማሪዎች የሙከራ መረጃ ጋር የተያያዙ ስለሆኑ ተለይተው መታወቅ ይኖርባቸዋል።

የመጀመሪያው፣ ፋይልን አሰልፎ በዚያው ስም ለማስቀመጥ መሞከር ነው።

ሶርት ውጤት > ውጤት

ቀስቷ «ወደዚህ ፋይል ጻፍ» ማለት ናት። ትእዛዙን የሚያነበው ሼል ሶርትን ከማስነሣቱ በፊት የሚጻፍበትን ፋይል ይከፍታል፤ ሲከፍትም የነበረውን ያጠፋል። ሶርት ሊያነብ ሲመጣ ፋይሉ ባዶ ነው። የአንድ ሳምንት ልኬት በአንዲት ቀስት ይጠፋል። ትክክለኛው መንገድ «ሶርት -ኦ ውጤት ውጤት» ማለት ነው፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ወደ ሌላ ስም ጽፎ፣ አይቶ፣ ከዚያ መተካት ነው። «ሴት -ኦ ኖክሎበር» የሚለው ትእዛዝ ደግሞ ቀስቷ ያለ ፋይልን እንዳትሽር ያደርጋል።

ሁለተኛው ወጥመድ በቧንቧው ውስጥ የተደበቀ ነው። እያንዳንዱ ትእዛዝ ሥራውን ሲጨርስ መሳካቱን ወይም አለመሳካቱን በቁጥር ያሳውቃል፤ ዜሮ ማለት ተሳክቷል ማለት ነው። በቧንቧ የተያያዙ ትእዛዞች ግን እንደ አንድ ሲታዩ የሚያሳውቁት የመጨረሻውን ብቻ ነው። የታመቀ የመረጃ ፋይል እየፈታ ወደ አማካይ አስሊ የሚያቀብል ቧንቧ አለ እንበል። ፋይሉ ሲቀዳ መሐል ላይ ተቋርጦ ከነበረ ፈቺው በመካከሉ ይወድቃል፤ አስሊው ግን እስከዚያ የደረሰውን ግማሽ መረጃ አማካይ አውጥቶ «ተሳክቷል» ይላል። ሥራው ሌሊት በራሱ የሚሄድ ከሆነ የመጀመሪያውን ጩኸት የሚሰማ የለም። በባሽ ሼል «ሴት -ኦ ፓይፕፌይል» ብሎ መጀመር ከመካከል የወደቀውን ያጋልጣል። ግማሽ መረጃ ያለው አማካይ ከምንም መልስ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ቁጥር መስሎ በሠንጠረዥ ውስጥ ይቀመጣል።

ከመሰረዝ በፊት ማየት

አርኤም የሚባለው ሰራዥ ትእዛዝ ቅርጫት የለውም። የተሰረዘውን መልሶ ማግኘት አልፎ አልፎ ቢቻልም ሊታመኑበት የሚገባ ተስፋ አይደለም። ስለዚህ የሥርዓት አስተዳዳሪዎች አንድ ልማድ ያዳብራሉ፤ የሚሰርዘውን ትእዛዝ ከመጻፋቸው በፊት የሚያሳየውን ይጽፋሉ።

ኮከቧ (*) «ማንኛውም» ማለት ናት፤ ወደ ፋይል ስሞች የሚፈታትም አርኤም ሳይሆን ሼል ነው። ስለዚህ «ኤልኤስ *.ዳት» ብለን ስንጽፍ የምናየው ዝርዝር፣ «አርኤም *.ዳት» ብንል የሚጠፋው ዝርዝር ራሱ ነው። አይተን ከረካን በኋላ ኤልኤስን በአርኤም እንተካለን። በኮከቧና በነጥቧ መካከል አንድ ክፍት ቦታ በስሕተት ቢገባ ትእዛዙ «ሁሉንም፣ እንዲሁም .ዳት የተባለውን» ወደ ማለት ይለወጣል። በኤልኤስ ጊዜ ይህ ስሕተት የሚያስከፍለው ትንሽ መደነቅ ብቻ ነው።

ፋይንድ የተባለው ፈላጊም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል። ፋይንድ የተሰጡትን ቃላት ከግራ ወደ ቀኝ በቅደም ተከተል ይፈጽማል። «ሰርዝ» የሚለው «ስሙ እንዲህ የሆነ» ከሚለው ቀድሞ ከተጻፈ፣ ስሙን ሳይመለከት ይሰርዛል። ስለዚህ መጀመሪያ በ«-ፕሪንት» ማሳተም፣ ዝርዝሩን ማንበብ፣ ከዚያም ያንኑ ቃል በቦታው በ«-ዴሊት» መተካት ነው።

ዲስክ ሲሞላ

በጋራ የሚሠራበት ኮምፒዩተር በድንገት «ቦታ የለም» ሲል ብዙዎች ያገኙትን መሰረዝ ይጀምራሉ። የሐኪም ሥራ ግን ከምርመራ ይጀምራል። «ዲኤፍ -ኤች» እያንዳንዱ ዲስክ ምን ያህል እንደሞላ ይናገራል። «ዲዩ -ኤስኤች * | ሶርት -ኤች» ደግሞ በማኅደሩ ውስጥ ካሉት የትኛው ከባድ እንደሆነ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ያሰልፋል።

አንዳንድ ጊዜ ሁለቱ አይስማሙም፤ ዲኤፍ ሞልቷል ሲል ዲዩ ግን ብዙ አላገኘሁም ይላል። ይህ እንቆቅልሽ የዩኒክስን አሠራር ያስተምራል። በዩኒክስ ፋይልን መሰረዝ ማለት ስሙን ከማኅደሩ ማውጣት ነው። ከፍቶ የሚጽፍበት ፕሮግራም ካለ ፋይሉ ስም አልባ ሆኖ በዲስኩ ላይ ይኖራል፤ ቦታው የሚለቀቀው ፕሮግራሙ ሲዘጋው ነው። ዲዩ የሚቆጥረው ስም ያላቸውን ነውና አያየውም። «ኤልኤስኦኤፍ» የተባለው ትእዛዝ ማን ይዞት እንደሆነ ይገልጣል። ቦታ እያለ «ቦታ የለም» ከተባለ ደግሞ «ዲኤፍ -አይ» ይጠየቅ፤ እጅግ ብዙ ትንንሽ ፋይሎች የመዝገብ ቁጥሮቹን ጨርሰዋቸው ይሆናል።

ረጅም ስሌትና የሚቋረጥ መስመር

ለሰዓታት የሚዘልቅ ስሌት ከሩቅ ኮምፒዩተር ላይ አስጀምሮ የኔትወርክ መስመሩ ሲቋረጥ፣ ስሌቱም አብሮ ይቋረጣል። ሼሉ ሲዘጋ ልጆቹ ለሆኑት ፕሮግራሞች «ስልኩ ተዘግቷል» የሚል ምልክት ይላካልና። ኖሃፕ ይህን ምልክት ችላ እንዲሉ ያደርጋል። ቲመክስና ስክሪን ከዚያም አልፈው ሙሉውን የሥራ ገጽ በሩቁ ኮምፒዩተር ላይ ያቆያሉ፤ ተማሪው በማግስቱ ተመልሶ ካቆመበት ይቀጥላል።

ይሁን እንጂ መብራት ሲጠፋ ከእነዚህ አንዱም አያድንም። ለዚያ መድኃኒቱ በራሱ በስሌቱ ፕሮግራም ውስጥ ነው፤ በየተወሰነ ጊዜ የደረሰበትን ሁኔታ ወደ ፋይል መጻፍና ከዚያ መነሣት የሚችል መሆን አለበት። ፋይል ለማስተላለፍም አርሲንክ ተመሳሳይ ጠባይ አለው። አስቀድሞ የደረሱትን ፋይሎች ትቶ የቀሩትን ብቻ ይልካል፤ «--ፓርሻል» የሚለው አማራጭ ሲጨመርበትም በግማሽ የተላከ ፋይል አይጣልም። በ«-ኤን» ሲታዘዝ ደግሞ ምንም ሳይነካ ሊያደርግ ያሰበውን ብቻ ይናገራል። የደረሰው ፋይል ከተላከው ጋር አንድ መሆኑን «ሻ256ሰም» በሁለቱም ጫፍ በሚያወጣው አሻራ ማረጋገጥ ይቻላል።

መዝገቡ

የሙከራ መዝገብ የማይዝ ተማሪ ያገኘውን ውጤት ራሱም ሊደግመው አይችልም። የትእዛዝ መስመር በዚህ ረገድ ከመዳፊት ይበልጣል፤ በመዳፊት የተደረገው የት የት እንደተጫነ የሚነግረን የለም፤ የተጻፈ ትእዛዝ ግን ራሱ ምዝገባ ነው። «ሂስትሪ» ያለፉትን ትእዛዞች ይዘረዝራል። የሠራልንን ቧንቧ ከዚያ አውጥተን በአንድ ፋይል ውስጥ ማስቀመጥ፣ ከላዩም በ# በሚጀምር መስመር ምን እንደሚሠራ፣ መቼና በየትኛው መረጃ ላይ እንደተፈተሸ መጻፍ ብዙ ጊዜ አይወስድም። ከስድስት ወር በኋላ አማካሪው «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ያ ፋይል ይሆናል።

አንባቢያችን የሊኑክስ ወይም የማክ ኮምፒዩተር ካገኘ፣ በቅርቡ በአማርኛ የጻፈውን ማንኛውንም ጽሑፍ ቀድቶ ከላይ ባሳየነው የቃል ቆጠራ ቧንቧ ያሳልፈው። መጀመሪያ በአምስት ቃል ይፈትሸው፤ ቀጥሎ ሙሉውን ያሳልፍ፤ በመጨረሻም «ኃይል»ን ወይም «ፀሐይ»ን በስንት መልክ እንደጻፈ ይቁጠር። ውጤቱ ስለ ኮምፒዩተሩ ብቻ ሳይሆን ስለ ራሱ አጻጻፍም የሚነግረው ነገር ይኖራል።